ስድሳ ዋት ይበቃል

«ባለሙያውን ላክልን፤ ከሱ ጋር ብንነጋገር ይሻላል» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

ባለሙያው እሱ ራሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ኮርኒስ ውስጥ በሆዱ እየተሳበ ገመድ የጎተተ፣ የስንቱን ቤት ጨለማ ገፎ የራሱን ጉልበት የጨረሰ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ግን ቱታው ላይ ኖራ ነበረበት፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ የሱቅ ሰው ደግሞ ልብስ እንጂ እጅ አያይም። ተላላኪ አደረገው፣ አለቀ። ያውም «አንተ» ብሎ። የወለደው ልጅ የሚያህል ጎረምሳ!

የሥራ ጓደኞቹ «ፊውዝ» ይሉታል። ቶሎ ስለሚግል ነው ይባላል። እሱ ግን፣ ፊውዝ ማለት ቤቱ እንዳይቃጠል ራሱን የሚያቃጥል ዕቃ ነው፣ ሊሰድቡኝ ብለው ሳያውቁት አመሰገኑኝ ይላል። ይህን የሚለው ግን ለብቻው ሲሆን ነው። ፊት ለፊት ሲጠሩት ይግላል።

«ባለሙያው ፊትህ ቆሟል» አለ ፊውዝ። «ዕቃውን አምጣ።»

የፈለገው ስዊች ነበር። መብራት ለማብራት ግድግዳ ላይ የሚጫኑት ዓይነት አይደለም፤ እሱንማ ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥመዋል። ይህኛው የጫማ ካርቶን ግማሽ የሚያህል የብረት ሳጥን ሆኖ፣ ፊቱ ላይ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ነው። ካሜራው ምስሉን የሚልክበት ያው ቀጭን ገመድ ለካሜራው ኮረንቲም ይወስድለታል፤ በየካሜራው ሥር ሶኬት ማውጣት ቀረ። ኮረንቲ የጫማ ክር በሚያህል ገመድ! በወፍራም ሽቦ ሲለፋ ለኖረ ሰው ይህ ነገር ራሱ ሽሙጥ ይመስላል።

«ማኔጅድ ይሁንልህ አንማኔጅድ?» አለ ሻጩ።

ፊውዝ ራሱን ነቀነቀ። ለየትኛው እንደነቀነቀ እሱም አያውቅም።

«ጊጋ ነው መቶ?»

«ጥሩው ይሁን።»

«ኤኤፍ ነው ኤቲ?»

አሁንስ ነገሩ እንደ ድሮው የፈተና ወረቀት ሆነበት። ፊውዝ አባቱ ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ሰው ነው። ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ዝም ቢል «ሂድ ተቀመጥ፣ ወንበሩ እንኳን ከአንተ ይሻላል» አለውና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ምን እንደነበር ረስቶታል። ሳቁን ግን፣ ማን ከየትኛው ጥግ እንደሳቀ ጭምር፣ እስከ ዛሬ ቆጥሮ ይነግርሃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ሰዎች ቂም የያዘ ሰው አላዩም።

«ስምንት ቀዳዳ ያለው ስጠኝ» አለ።

ሻጩ ሁለት ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያው ግራጫ ሳጥን፣ ያው ስምንት ቀዳዳ። ካርቶኑ ላይ የሰፈረው የፈረንጅ ፊደል እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ፊውዝ መነጽሩን አድርጎ አገላበጠ፤ ጎን ጎኑን አየ፤ ሥሩን አየ። ከዚያ ሁሉ ጉንዳን መካከል አንዲት የሚያውቃት ነገር አገኘ። አንደኛው ላይ 60 ዋት ይላል፤ ሌላው ላይ 120 ዋት።

ዋት! በዋትማ ማንም አያስተምረውም። ስድሳ ዋት አምፖልና መቶ ሃያ ዋት አምፖል፤ አንዱ ይቆጥባል፣ አንዱ ይበላል። ለስንት ደንበኛ «ትንሹን ዋት ምረጥ» ብሎ መክሯል። ምድር ረግቶ እግሩ ሥር የተመለሰለት መሰለው።

«ስድሳ ዋት ይበቃል» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ስንት ዕቃ ነው የምትሰካበት?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

«አይ፣ ማለቴ ብዙ ከሆነ...»

«ተወው አልኩህ! አንተ ስትወለድ እኔ ሕንፃ እዘረጋ ነበር።»

ሻጩ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ፊውዝም ካርቶኑን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፈተናውን ያለፈ ሰው መስሎ።

ዕቃው ለእህቱ ነበር። ታናሽ እህቱ የሕፃናት ማቆያ አላት፤ ጠዋት ወላጅ ሥራ ሲገባ ልጁን ጥሎላት ይሄዳል፣ ማታ ይወስዳል። አራት የመኝታ ክፍል፣ አንድ የምግብ አዳራሽ፣ ቢሮ፣ ረጅም ኮሪደርና ግቢ ያለው ቤት ነው። ዘንድሮ ፈቃድ ለማደስ አዲስ ትእዛዝ መጣ፤ ልጅ ያለበት ቦታ ሁሉ በካሜራ መታየት አለበት። ተቆጣጣሪዋ የምትመጣውም ሐሙስ ነው። ካሜራው ካልሠራ ፈቃዱ የለም፤ ፈቃዱ ከሌለ በሩ ይታሸጋል።

የእህቱ ባል ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። ፊውዝ ይህን አማቹን በልቡ «ባለ ጋዋኑ» ይለዋል፤ የተመረቀበት ቀን ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተነሣው ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑን አክሎ ተሰቅሏል፣ እንግዳ ሁሉ ከሱ ሥር ነው የሚቀመጠው። ባለ ጋዋኑ ያሰበው ሰው ደግሞ ማን መሰለህ? ኢንጂነሩ! ያ ፊውዝ ሽቦ መላጥ ያስተማረው፣ መሰላል ያስያዘው፣ ሁለት ዓመት ከጎኑ ያላጣው ልጅ። በማታ ተማረና ኢንጂነር ሆነ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ነጭ ቆብ አጥልቆ ሲገባ ፊውዝ «አንተ!» ብሎ ጠራው፤ ልጁ ግን አንገቱን አዙሮ ገባ። ያቺ የዞረች አንገት ፊውዝ ደረት ውስጥ እንደ እሾህ ተሰብራ ቀርታለች።

«ወንድሜ እያለ ሌላ ሰው ኮርኒሴን አይከፍትም» አለች እህቱ።

«ይሁን» አለ ባለ ጋዋኑ። «ግን ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ አንድ ካሜራ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ገመድ የሚነካው ኢንጂነሩ ብቻ ነው። ተስማማን?»

እህቱ ፊውዝን አየችው። እሱም እሷን አያት። ዓለም ላይ «ወንድምዓለም፣ አንተ ታውቃለህ» የምትለው ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ተስማማን» አለች።

ሰኞ ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሥራው አለቀ። ስድስት ካሜራ (አራቱ በመኝታ ክፍሎቹ፣ አንዱ በምግብ አዳራሹ፣ አንዱ በግቢው)፣ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ አንድ የዋይፋይ ማሰራጫ፣ ቢሮ አንድ የጠረጴዛ ስልክ። ስምንት ገመድ፣ ስምንት ቀዳዳ፤ አንድም አልተረፈ። ስዊቹን ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ሰቀለው፤ ስምንት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ብልጭ አለ። የቢሮው ስክሪን ላይ ስድስቱም ቦታ በየመስኮቱ ጥርት ብሎ ታየ። እህቱ አጨበጨበች። ባለ ጋዋኑ እንኳ «ምንም አይልም» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ቅኔ ነው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ።

«ወንድምዓለም፣ የጨቅላዎቹ ክፍል ካሜራ ጠፋ።»

ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረሰ፤ እሱ ደርሶ መሰላሉን እስኪዘረጋ ግን ካሜራው እንደገና በራ። ጠፋ። በራ። ልጆቹ ከእንቅልፍ ተነሥተው መጋረጃው ሲገለጥ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ቀጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። ፊውዝ የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ገጠመለት፤ በዚያው ተለያዩ።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ቀድሞ መጥቶ ቢሮ ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተገተረ። ጠዋቱን ሙሉ ስድስቱም ደህና ነበሩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ ተኙ፤ ካሜራውም አብሯቸው ተኛ። ያው የጨቅላዎቹ ክፍል! ለሁለት ደቂቃ ይነቃል፣ ይጠፋል፤ ይነቃል፣ ይጠፋል። ፊውዝ ጸጉሩን ያዘ።

ካሜራው ይሆናል ብሎ የምግብ አዳራሹን ካሜራ አውርዶ እዚያ ሰቀለ፣ የዚያን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ። አዲሱም ጠፋ። ገመዱ ይሆናል ብሎ ሌላ ገመድ ሳበ። ጠፋ። ቀዳዳው ይሆናል ብሎ ስዊቹ ላይ የጨቅላዎቹን ገመድ ከስምንተኛው ቀዳዳ ነቅሎ አንደኛው ላይ ሰካ፤ አንደኛው ላይ የነበረውን የምግብ አዳራሹን ደግሞ ስምንተኛው ላይ። አሁን የጨቅላዎቹ ክፍል እንደ ጸሐይ በራ፤ የምግብ አዳራሹ ጠፋ። የታመመው ዳነ፣ ጤነኛው ታመመ።

«ቀዳዳው ነዋ የተበላሸው!» ብሎ ጮኸ። ግን ልጆቹ ሲነሡ ያው የተበላሸ ቀዳዳ ያለ አንዳች እንከን ይሠራ ጀመር። ታዲያ ምን ዓይነት ብልሽት ነው ቀትር ላይ መጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሄድ? ወባ ነው?

ባለ ጋዋኑ በራፉ ላይ ተደግፎ ያያል። «አማቼ፣ ሆነልህ?»

«ይሆናል።»

«ኢንጂነሩን እንደውልለት እንዴ? ሐሙስ እኮ ነገ ነው።»

«ሐሙስ ነገ መሆኑን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም» አለ ፊውዝ። ባለ ጋዋኑ እየሳቀ ሄደ።

በዚህ መሐል የልጆቹ ሞግዚት መጣች። ዕድሜዋ ከፊውዝ ላቅ ይላል፤ ሃያ ዓመት የተኛ ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ሴቶች እንደሚሆኑት ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ገበያ ላይ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትከራከረው ይላሉ።

«እኔ ያየሁትን ልንገርህ ወንድሜ» አለችው ጆሮው ሥር። «መጋረጃውን ስዘጋው ነው የሚጠፋው።»

ፊውዝ ቀኑን ሙሉ የሚያወርድበት ያጣውን ንዴት በሷ ላይ አወረደው። «እትዬ፣ መጋረጃና ኮረንቲ ምን ዝምድና አላቸው? ጋብቻ ነው የሥጋ?»

«ዝምድናቸውን አላውቅም። ያየሁትን ነው።»

«የምግብ አዳራሹስ? እሱ መጋረጃ የለውም፣ ግን ጠፋ። እስቲ ይህን ፍቺልኝ!»

ሞግዚቷ ትንሽ አሰበችና «እሱን እኔ እንጃ» ብላ፣ እግሯ ወለሉን የማይነካ ይመስል ሄደች። ፊውዝ ከሄደች በኋላ የተናገረው ነገር አፉ ውስጥ መረረው። ያን ዓይነት አጠያየቅ ከየት እንደሚያውቀው ግን ወዲያው አልመጣለትም፤ ወይም እንዲመጣለት አልፈለገም።

ሐሙስ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ የምትመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነበር፤ ልጆች ተኝተው ማየት እፈልጋለሁ ብላ አስቀድማ ነግራለች። ከሃያ አራት ሰዓት መካከል ካሜራው የሚታመምባትን ሰዓት መርጣ! ባለ ጋዋኑ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ ላፕቶፑን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «እዚሁ ሆኜ እሠራለሁ» አለ። ለምን እንደመጣ ግን ሁሉም ያውቃል።

ፊውዝ ሌሊቱን አልተኛም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ኮሪደሩ ላይ ሞግዚቷን አስቆማት።

«እትዬ... መጋረጃውን ዛሬ አንድ በአንድ ዝጊልኝ። ቀስ ብለሽ። አንዱን ዘግተሽ እጅሽን አሳዪኝ፣ ከዚያ ሌላውን።»

«ዝምድና የላቸውም አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ሥጋ ነው ጋብቻ?»

«እትዬ፣ በናትሽ!»

ጥርሷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሄደች።

ፊውዝ በአንድ ዓይኑ ስክሪኑን፣ በሌላው ኮሪደሩን ያዘ። የትላልቆቹ ክፍል መጋረጃ ተዘጋ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀለም ጠፍቶ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ሮጦ ሄዶ በበሩ ስንጥቅ አየ፤ ካሜራው ዓይን ዙሪያ የማያውቃቸው ቀያይ ነጥቦች እንደ ፍም በርተዋል። ጨለማ ሲሆን የሚያይበት የራሱ መብራት! ይህን መብራት ሰኞ ማታ አላየውም፤ ሰኞ ማታ የሁሉም ክፍል አምፖል በርቶ ነበር። ሁለተኛው መጋረጃ ተዘጋ፤ ፍም። ሦስተኛው፤ ፍም። ስድስቱም ምስል አለ። አራተኛው ተዘጋ፤ የጨቅላዎቹ ክፍል ፍም በራ፣ ሰከንድ ሳይሞላ የምግብ አዳራሹ ድርግም!

ፊውዝ ቆመ። ከዚያ ሮጠ። ዕቃ ቤት ገብቶ የካሜራውን ወረቀት ከካርቶኑ አወጣ፤ ፊደሉን ተወው፣ ቁጥሩን ብቻ ፈለገ። በብርሃን አምስት ዋት፣ በጨለማ ዘጠኝ። የዋይፋዩ አሥራ አምስት። የስልኩ ሁለት። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ደመረ። በብርሃን ሲሆን አርባ ሰባት። አራቱ መጋረጃ ሲዘጋ ስድሳ ሦስት።

ስድሳ ሦስት። ስዊቹ ደግሞ ስድሳ።

ስድሳው ስዊቹ የሚበላው አልነበረም፤ የሚያበላው ነበር። ከስድሳው በላይ ሲጠይቁት አንዱን ጦሙን ያሳድራል፤ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ የተቀመጠውን። ልክ ጎረቤቱ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ዳገት ላይ ያለው ቤት ውኃ እንደሚያጣው! አምፖል መስሎት ለካ ስምንት ልጅ የምታበላ እናት ነው የገዛው። ለዚህ ቤት የሚበቃውን ትቶ የማያጠግበውን መረጠ። «ስንት ዕቃ ነው የምትሰካበት?» ብሎት ነበር ያ ጎረምሳ። ታዲያ ያ ጥያቄ ንቀት ነበር ወይስ እርዳታ? አሁን ሲያስበው ሁለቱንም ይመስላል። ምነው ሰው ሲንቅህ ሙሉ በሙሉ ቢንቅህ!

የግቢው ደወል ተደወለ። ተቆጣጣሪዋ።

ሱቁ ድረስ ሄዶ መመለስ የሰዓት መንገድ ነው። መጋረጃ ይገለጥ እንዳይል ልጆቹ ይነሣሉ፤ ሴትዮዋ የመጣችው ተኝተው ልታያቸው ነው። አንድ ነገር መነቀል አለበት። የስልኩን ገመድ ነቀለ፤ ስድሳ አንድ። የምግብ አዳራሹ አሁንም የለም። አንዲት ዋት! እጁ ወደ ዋይፋዩ ገመድ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ነቀለው። በሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ነጥቧ ጠፋች፤ በስምንተኛው ላይ በራች።

ቢሮው ደርሶ በራፉ ላይ ሲቆም ተቆጣጣሪዋ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ክፍሎቹን በእርሳስ እየጠቆመች ትቆጥር ነበር። ደረቅ፣ ፈጣን ሴት ናት። እህቱ ከኋላዋ ቆማ እጆቿን ታፍተለትላለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨቅላዎቹ ተደርድረው ተኝተዋል፤ አንዷ አውራ ጣቷን ትጠባለች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሁሉም አለ።

«ጥሩ» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ትንሽ እንቆይበታለን።»

ይህኔ ባለ ጋዋኑ ከላፕቶፑ ላይ ቀና አለ። «ኢንተርኔቱ ጠፋ! ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ! አማቼ፣ ደግሞ ምን ነካህ?»

ሁሉም ወደ ፊውዝ ዞሩ። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ከመስመሩ ነው፣ መስመሩ ተቋርጧል፣ ሰፈሩ በሙሉ የለም። ይህን የማያምን ሰው ምድር ላይ የለም፤ ይቺን ውሸት በየቤቱ ያልተናገረ ባለሙያም የለም። አፉን ከፈተ። ሞግዚቷ ኮሪደሩ ላይ ባዶ ጡጦ ይዛ ቆማ ታየዋለች። እሷ የነቀለውን ገመድ አላየችም፤ ብታይም ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሷ ፊት ውሸቱ አልወጣ አለው።

«እኔ ነቅዬው ነው» አለ።

«ምን?»

«ስዊቹን ስገዛ ተሳስቻለሁ። አቅሙ አይበቃም። መጋረጃ ሲዘጋ ካሜራዎቹ መብራት ያበራሉ፣ ያኔ ፍጆታው ከስዊቹ አቅም ይበልጣል። ልጆቹ እንዲታዩ ዋይፋዩን ነቀልኩት። ስልኩንም።»

«አልነገርኩሽም?» አለ ባለ ጋዋኑ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!»

እህቱ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ፊውዝ ጆሮው ጫፍ ድረስ ጋለ። ተቆጣጣሪዋ ግን ባለ ጋዋኑን አላየችውም፤ እርሳሷን ወደ ፊውዝ ቀሰረች።

«እርስዎ ነዎት የገጠሙት?»

«እኔ ነኝ።»

«አሁን ዋይፋዩ እንደተነቀለ ከቆየ ካሜራዎቹ አይጠፉም?»

«አይጠፉም። አሥራ አራት ዋት ይተርፋል።»

«እንግዲያው ልጆቹ ይታያሉ» አለችና ቅጹ ላይ ጻፈች። «ኢንተርኔት የኔ ቅጽ ላይ የለም። ስዊቹ እስኪቀየር ዋይፋዩ እንዳይሰካ፤ ይህንን ጽፌዋለሁ።» ፈረመች፤ ወረቀቱን ለእህቱ ሰጠች፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ፊውዝ ግራ ገባው። ውሸቱን ባለመናገሩ መወቀስ ነበረበት ወይስ መመስገን? ሴትዮዋ አላመሰገነችው፣ አልወቀሰችው፤ እንደ ሰው ጠየቀችው፣ እንደ ሰው መለሰላት፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን ነገር አልለመደም።

ባለ ጋዋኑ ግን ስልኩን አንሥቶ ነበር። «ኢንጂነሩ ይምጣና ይፍረድ» ብሎ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ፊውዝ ሊወጣ ዞረ፤ እህቱ ክንዱን ያዘችው።

«ሃሎ፣ ኢንጂነር! እዚህ አንድ ስዊች አስቸገረን...»

«ስንት ነገር ነው የተሰካው?» አለ የኢንጂነሩ ድምፅ። ወፍራም ሆኗል፤ ያ የሚያውቀው የልጅ ድምፅ የለም።

«ስድስት ካሜራ፣ ዋይፋይ፣ ስልክ።»

«የስዊቹ ጠቅላላ ኃይልስ?»

ባለ ጋዋኑ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ኃይል... ማለት?»

«ስድሳ ዋት» አለ ፊውዝ ከወደ በሩ።

ኢንጂነሩ ድምፁን አወቀው። «ማነው የተናገረው? ጋሼ! እርስዎ ነዎት?»

ፊውዝ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ጋሼ፣ ስድሳውን የመረጡት እርስዎ ነዎት?» ሳቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ሞቅ ያለ ሳቅ። «እኔም የመጀመሪያዬን እንደዚሁ ነው የገዛሁት! አንድ ሆቴል ውስጥ፤ ትንሽ ዋት ቆጣቢ ነው ብዬ። አለቃዬ ሊያባርረኝ ነበር። ከእርስዎ አይደል የተማርኩት፣ ‹ትንሹን ዋት ምረጥ› ሲሉኝ!»

«አሁን ዋይፋዩን ነቅሎታል» አለ ባለ ጋዋኑ ቸኩሎ። «ኢንተርኔት የለንም።»

«ማነው ዋይፋዩን መንቀል ያሰበው?»

«እሱ ነው።»

«በቃ፣ እኔን ለምን ትጠሩኛላችሁ? ጋሼ፣ መቶ ሃያውን ያስገቡበት፣ ተገላገሉ።» ተሰነባበተና ስልኩ ተዘጋ።

«እሺ» አለ ባለ ጋዋኑ። «ቢሆንም ስምምነታችን...»

«ስምምነታችን ካሜራ ነበር» አለች እህቱ። ቀና ብላ የተናገረችው ገና አሁን ነው። «ተቆጣጣሪዋ ስትቆጥር ነበርክ። የጠፋ ካሜራ አየህ?»

«ኢንተርኔቱ...»

«ካሜራ ነው ያልከው።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወንድምዓለም፣ መቶ ሃያውን ራስህ ሄደህ አምጣ። ሌላ ሰው አልክም።»

ፊውዝ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ቤቱ አልታሸገም፣ እህቱ አልተወችውም። ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያ ሳቅ ይዞራል። ምን ዓይነት ሳቅ ነበር? አብሮት የሳቀ ነው ወይስ የሳቀበት? «ከእርስዎ አይደል የተማርኩት» ማለቱስ፣ ምስጋና ነው ወይስ ጥፋቱን በሱ ማላከክ? እውነት ሆቴል ውስጥ ተሳስቶ ነበር ወይስ የሽማግሌ ፊት ለማዳን የፈጠረው ነው? ጋሼ ማለቱ ከልቡ ከሆነ ታዲያ ያን ቀን አንገቱን ያዞረው ለምንድን ነው? ስድብ ቢሆን መልሱን አሥራ ሁለት ዓመት ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ለዚህኛው ግን አንዲት ቃል አላዘጋጀም።

ሞግዚቷ ጡጦዎቹን አጥባ ስትመለስ አገኘችው፤ ከግድግዳው ጋር እንደ መሰላል ተደግፎ።

«እትዬ፣ ሰማሽው አይደል?» አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እስቲ ፍረጂኝ። የእውነቱን ነው ወይስ አዝኖልኝ ነው?»

ሞግዚቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ሁለቱም ቢሆንስ? አሁን ድምፅህን ቀንስልኝ» አለች በሹክሹክታ። «አራቱም ክፍል ተኝተዋል።»